እጥበትና ውሃ፦ ከዴንቨር እስከ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ

እኛ የኩላሊት እጥበት እንላለን። ቤይሩት ላይ በዓረብኛ «ገሲል ኪላ» ይሉታል፤ ያው ኩላሊት ማጠብ ነው። ሐኪሞች የሚመርጡት ግን ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም በ1861 ከግሪክኛ ያወጣውን «ዲያሊሲስ» የሚለውን ቃል ነው፤ መለየት፣ መነጠል እንደ ማለት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ መሣሪያው አሠራር ከሆነ ሐኪሞቹ ልክ ናቸው፤ ማሽኑ ኩላሊትን አይነካም፣ የሚያጣራው ደም ነው። ሆኖም የተራው ሰው ቃል የእነሱ ቃል ያልያዘውን አንድ ነገር ይዟል፤ ያለ ውሃ የሚታጠብ ነገር የለም። የእጥበት ታሪክ ሲጻፍ ጎልተው የሚነሱት ማሽኑ፣ የፈለሰፈው ሰውና የዳነው ታማሚ ናቸው፤ ውሃው ከግድግዳው ጀርባ እንዳለ ይቀራል። የእጥበት ታማሚዎች የማሰብና የማስታወስ አቅም ለምን እንደሚደክም ለመረዳት ግን ታሪኩን ከውሃው በኩል መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። በዚያ በኩል ሲነበብ አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ታማሚው መርሳት ሲጀምር ነገሩ መጀመሪያ በራሱ፣ በዕድሜው ወይም በሕመሙ ይሳበባል፤ ተፈልጎ የተገኘው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ከታማሚው ውጭ ነበር፤ በቧንቧው፣ በእንክብሉ፣ በማሽኑ አያያዝ።

ይህን ታሪክ ከቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሆኖ ማየት የሚጠቅመው ቦታው ውሃን ለመርሳት ስለማይመች ነው። ቤይሩትን የሚያውቅ ሐበሻ «ቡርጅ» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ቡርጅ ሐሙድ ነው፤ ይኸኛው በከተማዋ ደቡብ፣ ዳሂየ በሚባለው አካባቢ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ አጠገብ ይገኛል። ስሙ የአንድ ሰፈርም፣ የአንድ የስደተኞች ካምፕም ነው። ካምፑን በ1948 ያቋቋመው የቀይ መስቀል ማኅበራት ሊግ ሲሆን የሰፈሩበት ከሰሜን ፍልስጤም፣ ከገሊላ የተፈናቀሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከተርሺሃ፣ ከከብሪ፣ ከኩወይካት የመጡ። ድንኳኑ በቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው በብሎኬት ተተካ፤ መሬቱ ስላልሰፋ ግን ቤቱ ወደ ላይ አደገ። ዛሬ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መተላለፊያዎች አሉት። ቀና ያለ ሰው ከሰማዩ በፊት የሚያየው የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቱቦ ነው፤ ሽቦና ውሃ እንዲህ ተቀላቅለው በመኖራቸው በኤሌክትሪክ ተይዘው የሞቱ ነዋሪዎች ጥቂት አይደሉም። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ጨው ጨው ይላል። የባሕር ዳርቻው የከርሰ ምድር ውሃ ለብዙ ዓመታት ከልክ በላይ ስለተቀዳ የሜዲትራኒያን ባሕር ሠርጎ ገብቶበታል። ሰዉ በቧንቧው ውሃ ልብስና ዕቃ ያጥባል፤ የሚጠጣውንና ቡና የሚያፈላበትን ግን ይገዛል። ስለዚህ እዚያ መታጠቢያ ውሃና መጠጥ ውሃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደም የሚታጠብበት ውሃ ሦስተኛ ነው፤ ከሚጠጣውም የጠራ መሆን አለበት።

ለምን እንደሆነ ሒሳቡ ያስረዳል። በአንድ መደበኛ እጥበት በየደቂቃው ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ በማጣሪያው ውስጥ ያልፋል፤ በ4 ሰዓት 120 ሊትር ይሆናል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲታጠቡ 360 ሊትር ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ቢጠጣ በሳምንት የሚደርሰው 14 ሊትር ነው፤ ያንንም አንጀት መርጦ ያስገባል፣ የማያስፈልገውን ኩላሊት ይመልሳል። የታማሚውን ደም ከ360 ሊትሩ የሚለየው አንድ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ በሽፋኑ ሾልኮ የገባውን የሚያስወጣ ኩላሊት የለም። አሉሚኒየምን ብንወስድ፣ በመጠጥ ውሃ ውስጥ እስከ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ቢገኝ ብዙ አገሮች ይፈቅዳሉ፤ ለእጥበት ውሃ የተቀመጠው ጣሪያ 0.01 ነው፣ 20 እጥፍ ያነሰ። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ የእጥበት ክፍል ጀርባ ታማሚ የማይገባበት ሌላ ክፍል ያለው። ውሃው እዚያ መጀመሪያ ደለሉን በሚያስቀር ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ክሎሪኑን በሚይዝ ከሰል፣ ከዚያም ካልሲየሙን በሚያስቀር ማለስለሻ ያልፋል፤ በመጨረሻ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ በፓምፕ ኃይል ይገፋል። ውሃው ጨዋማ በሆነ መጠን ፓምፑ የበለጠ መግፋት አለበት፤ ማጣሪያው ቶሎ ያረጃል፣ የመብራቱ ወጪም ይጨምራል። ከሰሉ በጊዜው ካልተቀየረ የከተማው ክሎሪን ከደም ጋር ይገናኝና ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። በእጥበት ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ጣሪያ የሚያይ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚሰማው የፓምፑን ድምፅ ነው፤ ያውም ከተሰማው።

ማሽኑ ሲጀመር ሥራው አእምሮን መመለስ ነበር። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ አገሩ በጀርመን ወረራ ሥር እያለች፣ በ1943፣ ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ ቋሊማ የሚጠቀለልበትን ስስ ሴሎፎን በእንጨት ከበሮ ላይ ጠምጥሞ በጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ አሽከረከረው። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች አንድ በአንድ ሞቱ ቢባል ማጋነን አይደለም። በ1945 መስከረም ላይ ግን ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ራሳቸውን የሳቱ የ67 ዓመት ሴት ከብዙ ሰዓታት እጥበት በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ተናገሩ። ዘመናዊው እጥበት የመጀመሪያ ድሉን የቆጠረው እንዲህ ነው፤ ሰው ነቅቶ ሲናገር። ይህ የማይናቅ ነገር ነው፤ በደም ውስጥ የተጠራቀመው ቆሻሻ ራሱ አእምሮን እንደሚያደነዝዝ ያኔም ይታወቅ ነበርና። በዚያው ልክ ግን አንድ አስተሳሰብ አብሮ ተተከለ፤ ማሽኑ አእምሮን የሚያጠራ ከሆነ፣ በማሽን ላይ ያለ ሰው አእምሮው ሲደፈርስ ጥፋቱ የማሽኑ ሊሆን አይችልም የሚል።

በ1960 ሲያትል ላይ ቤልዲንግ ስክሪብነር በክንድ ላይ የሚቀር የቴፍሎን ቱቦ ሲሠራ እጥበት የአንድ ሰሞን ሕክምና መሆኑ ቀርቶ የዕድሜ ልክ ኑሮ ሆነ። ማሽኑ ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ ስለነበር በከተማዋ ማን ይታጠብ የሚለውን የሚወስን የነዋሪዎች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሥራን፣ ቤተሰብን፣ ጠባይን እየመዘነ መረጠ። ስለዚያ ኮሚቴ ብዙ ተጽፏል፤ የሕክምና ሥነ ምግባር የሚባለው ትምህርት ከዚያ ተነሳ እስኪባል ድረስ። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃን አንድ ነገር ነው። ማሽኑ ላይ ለዓመታት የሚኖር ሰው ከዚያ በፊት በዓለም ላይ አልነበረም፤ ውሃው ለዓመታት በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግም እስከዚያ ድረስ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ውስጥ አለን አልፍሬይና ባልደረቦቹ በ1972 አንድ እንግዳ ሕመም መዝግበው አወጡ። የሚጀምረው በንግግር ነበር። ታማሚው የሚፈልገውን ቃል እያወቀ አፉ አልታዘዝ ይለዋል፤ ይንተባተባል፣ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ይቆማል። ደግሞ የሚብሰው ወዲያው ከእጥበት በኋላ ነበር፤ በማግሥቱ ይሻለዋል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን መሻሉ ይቀራል፤ እጅ ያለፈቃዱ ይወረወራል፣ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ የገዛ ቤተሰቡን ይስታል። ብዙዎቹ ንግግራቸው በተሳሰረ በወራት ውስጥ ሞቱ። በመጀመሪያ የቀረቡት ግምቶች የሚጠበቁት ነበሩ፤ ጭንቀት ነው፣ የኩላሊቱ በሽታ አእምሮ ላይ ወጥቶ ነው፣ ያልታወቀ ቫይረስ ነው። አልፍሬይና ባልደረቦቹ በ1976 ያሳተሙት ውጤት ግን ክርክሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። በዚህ ሕመም በሞቱት ሰዎች የአንጎል ግራጫ ክፍል፣ በአንድ ኪሎ ደረቅ ክብደት 25 ሚሊግራም ያህል አሉሚኒየም ተገኘ። እየታጠቡ በሌላ ምክንያት በሞቱት 6.5፣ የኩላሊት ሕመም ባልነበረባቸው 2.2 ነበር። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ሕመሙን ያላሳየው የእጥበት ታማሚ እንኳ በአንጎሉ ውስጥ ከጤነኛው ሦስት እጥፍ ያህል አሉሚኒየም ተሸክሞ ነበር።

አሉሚኒየሙ ከየት መጣ? መጀመሪያ የተጠረጠረው ታማሚዎቹ ፎስፌትን ለመቀነስ በየቀኑ የሚውጡት፣ አሉሚኒየም ያለበት እንክብል ነበር፤ ጥርጣሬው ከንቱ አልነበረም። ሌላውን ግማሽ የፈቱት ግን እንግሊዞችና ስኮትላንዶች ናቸው፤ የፈቱትም የታማሚውን አንጎል በማየት ሳይሆን የሚኖርበትን ከተማ በመጠየቅ ነው። እዚያ ብዙዎች በየቤታቸው፣ ከየቤታቸው ቧንቧ ነበር የሚታጠቡት፤ ስለዚህ የውሃው ልዩነት በካርታ ላይ ሊሣል ቻለ። ኒውካስል ላይ ታማሚዎች አጥንታቸው እየተሰበረ፣ አእምሯቸው እየተሳከረ ይሞታሉ፤ በሌላ ከተማ በተመሳሳይ ማሽን፣ በተመሳሳይ ሕመም ሰዎች ደኅና ይኖራሉ። የከተማ ውሃ ድርጅቶች ድፍርስ ውሃ ለማጥራት የአሉሚኒየም ጨው ይጨምራሉ፤ ጭቃውን አያይዞ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ሲጠጡት ጉዳት የለውም። ያ ውሃ ሳይጣራ ወደ ማሽኑ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1979 በ18 የብሪታንያ ማእከላት የተደረገው ጥናት ሕመሙ ከውሃው አሉሚኒየም ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳየ። መፍትሔውም የሐኪም ብቻ ሳይሆን የቧንቧ ሠራተኛም ሥራ ሆነ። ውሃው መጣራት ሲጀምር፣ እንክብሉም ሲቀየር፣ «የእጥበት እብደት» እስከ መባል የደረሰው ሕመም ከሆስፒታሎች ጠፋ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ይህ የተዘጋ ምዕራፍ ነው፣ ዛሬ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሌለው የእጥበት ማእከል የት አለ፣ የ1970ዎቹን ሙታን እያነሱ የዛሬውን ታማሚ ማስፈራራት ለምን? የሚል። መልሱ በካሪቢያን ባሕር ኩራሳው ደሴት ላይ ነው። በ1996 በዚያ ያለ አንድ የእጥበት ማእከል አዲስ የውሃ ቱቦ ተዘረጋለት። ቱቦው ከውስጥ በሲሚንቶ የተለበጠ ነበር፤ ሲሚንቶው ውስጥ አሉሚኒየም ነበረበት። በሳምንታት ውስጥ ከ27 ታማሚዎች 10 አእምሯቸው ተናውጦ ሞቱ። ምክንያቱ ከታወቀ ያኔ 20 ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፣ ለፈተና ይጠየቃል፤ ሆኖም አንድ ቱቦ በቃ። ዕውቀት አንዴ ከተገኘ አይጠፋም እንላለን፤ የእጥበት ውሃ ዕውቀት ግን እንደ ማጣሪያው ከሰል ነው፣ በየጊዜው ካልታደሰ መሥራት ያቆማል። ጉዳዩን እንደ ተዘጋ የሚቆጥሩት ባለሙያዎች የሚሳሳቱት በሳይንሱ አይደለም። ሳይንሱ የቆመው በመብራት፣ በመለዋወጫና በየወሩ ናሙና በሚወስድ ሰው ላይ መሆኑን ይዘነጋሉ።

መብራትና መለዋወጫ ደግሞ በሊባኖስ ታሪክ ሁልጊዜ የሚገኙ ነገሮች አይደሉም። ቡርጅ ኤል ባራጅነህ «የካምፖች ጦርነት» በሚባለው ዘመን፣ ከኦክቶበር 1986 እስከ ኤፕሪል 1987፣ አማል በተባለው የሊባኖስ ሚሊሺያ ተከብቦ ነበር። የፍልስጤም ቀይ ጨረቃ በሚያስተዳድረው ሃይፋ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራ የነበረችው እንግሊዛዊት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖሊን ከቲንግና ባልደረቦቿ ነዋሪው ድመትና ውሻ እስከ መብላት መድረሱን ለዓለም ያሰሙት ያኔ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከማሽን ጋር መገናኘት ያለበት ሰው በእንደዚህ ያለ ከበባ ውስጥ ሕይወቱ የሚለካው በቀናት ነው። ጦርነቱ አልፎ ሌላ መከራ መጣ። በ2021 የበጋ ወራት ሊባኖስ ነዳጅ አጥታ ከተሞቿ ሲጨልሙ፣ ዩኒሴፍ የሕዝብ ውሃ አቅርቦቱ ሊፈርስ ነው፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ውሃ ሊያጡ ይችላሉ ሲል አስጠነቀቀ። በኦገስት የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማእከል ነዳጅ ካላገኘ ሊዘጋ እንደሆነ ሲያስታውቅ፣ 180 የኩላሊት ታማሚዎች ያለ እጥበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመርዘው እንደሚሞቱ ጻፈ። በአገሪቱ ካሉት ስመ ጥር ሆስፒታሎች አንዱ እንዲህ ካለ የሌላው ይገመታል። በ2022 ደግሞ ሊባኖስ ከ1993 ወዲህ አይታው የማታውቀው ኮሌራ ገባ፤ የውሃው መሥመር የት እንደደረሰ ከዚህ በላይ የሚናገር ምስክር አያስፈልግም። በ2024 መኸር እስራኤል ዳሂየን ስትደበድብ የሰፈሩ ሰው ወጣ፤ ሲሸሽ ሁሉን ትቶ መሄድ ይችላል፣ የእጥበት ወንበር ግን በሄደበት አዲስ መፈለግ አለበት። በካምፑ ያሉት ፍልስጤማውያን የሊባኖስ ጤና ሚኒስቴር ለዜጎቹ የሚሰጠው ሽፋን አይመለከታቸውም፤ ስለዚህ የአገሪቱ ቀውስ ሲደርስባቸው ከፊቱ የሚቆም ጋሻ የላቸውም።

ጨዋማው የቡርጅ ውሃ የማንንም አእምሮ አዞረ እያልሁ አይደለም። የሚሠራ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ጨውንም አሉሚኒየምንም ያስቀራል። የዛሬው የእጥበት ታማሚ መርሳት በአብዛኛው ሌላ ምክንያት አለው፤ ያ ሌላ ምክንያት ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በ2006 በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ330 በላይ የእጥበት ታማሚዎች በአግባቡ ሲፈተኑ 37 በመቶው ከባድ፣ 36 በመቶው መካከለኛ የማሰብ ጉድለት ተገኘባቸው፤ ሙሉ ጤነኛ የሆኑት 13 በመቶ አይሞሉም። በሕክምና መዝገባቸው ላይ ይህ የተጻፈላቸው ግን 3 በመቶ እንኳ አልደረሱም። ከእነዚህ ቁጥሮች እኔን የሚያስደነግጠኝ የመጨረሻው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ነርስ የሚያያቸው፣ ደማቸው በየወሩ የሚመረመር፣ ክብደታቸው በየጊዜው የሚለካ ሰዎች ናቸው፤ ማሰባቸውን ግን የለካ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች በራሱ በእጥበቱ ሰዓት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከደም ውስጥ ብዙ ፈሳሽ በጥቂት ሰዓት ሲወጣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ አንጎል ይጠማል፤ ይህ በዓመት ከ150 ጊዜ በላይ ሊደጋገም ይችላል። በእንግሊዝ ደግሞ እጥበት የጀመሩ 73 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ የአንዱ ቡድን የእጥበት ፈሳሽ ከሰውነቱ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። ቀዝቃዛው ፈሳሽ የደም ሥርን ያጠብቃል፣ ግፊትን ይይዛል። ውጤቱ በ2015 ታተመ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የቀዝቃዛው ቡድን የአንጎል ነጭ ክፍል ሳይጎዳ ተገኘ፣ የሌላው ተጎድቷል። ግማሽ ዲግሪ! እዚህም ምክንያቱ ከአልጋው ውጭ፣ በማሽኑ መዘውር ላይ ነበር።

የዚህ ሙከራ ተሟጋቾች አንድ ነገር መቀበል አለባቸው። በ2022 በካናዳ 84 ማእከላትንና ከ15 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ትልቅ ሙከራ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ከልብ ሕመምና ከሞት እንደማያድን አሳየ፤ ታማሚዎቹም በረደን አሉ። ስለዚህ ሙቀቱን መቀነስ ለሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። የካናዳው ሙከራ ማሰብንና ማስታወስን እንዳልለካ ግን መታወቅ አለበት። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላው ነው፤ እነዚህ ሰዎች እኮ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ናቸው፣ ባይታጠቡም ይረሱ ነበር የሚለው። በከፊል እውነት ነው። ኩላሊትን የሚያፈርሱት ስኳርና ግፊት የአንጎልንም ጥቃቅን የደም ሥሮች ያፈርሳሉ። ነገር ግን ሁሉም ነገር በዕድሜና በስኳር ቢያልቅ ኖሮ ኩላሊት የተተካለት ሰው ምንም ለውጥ አያሳይም ነበር። በተግባር ግን ከንቅለ ተከላ በኋላ የብዙዎች ትኩረትና ማስታወስ ይሻሻላል። ዕድሜው ያው ነው፣ ስኳሩም አልለቀቀውም፤ የተለወጠው የደሙ አጣሪ ነው። ዴንቨር ላይ «የሕመሙ ጠባይ ነው» ሲባል የነበረው ነገር ዛሬ «የዕድሜው ጠባይ ነው» ሆኖ ተመልሷል፤ ሁለቱም አባባሎች ጥያቄውን የሚዘጉት ሳይመልሱት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው። ሰው እጥበት አጥቶ በሚሞትበት አገር ስለ ማስታወስ ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። አዲስ አበባ ላይ በድምፅ ማጉያ የእጥበት ገንዘብ የሚለመንለት ታማሚ ማየት የተለመደ ነው፤ በሳምንት ሦስቱን አጥቶ በሁለቱ የሚኖረው ብዙ ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እገዛ፣ በአገር ውስጥ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ቢጀመርም ዕድሉ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። በእንደዚህ ያለ ቦታ መቅደም ያለበት ሕይወት ነው፤ አልከራከርም። ግን የእጥበት ታማሚ ሕይወት በራሱ ማስታወስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስንት ብርጭቆ ጠጣሁ፣ እንክብሉን ከምግብ ጋር ውጫለሁ ወይ፣ ሙዝና ቲማቲም ዛሬ በልቻለሁ ወይ፣ ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው ወይስ ረቡዕ። ይህን የረሳ ሰው ሁለትና ሦስት ኪሎ ውሃ ተሸክሞ ይመጣል፤ ማሽኑም ያን ሁሉ በ4 ሰዓት ለማውጣት ይሮጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አንጎሉ እንደገና ይጠማል፣ በማግሥቱ የበለጠ ይረሳል። ማስታወስ ከሕክምናው ውጭ ያለ ጌጥ ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠበው ሰው ደግሞ በመታጠቢያዎቹ መካከል የሚያጠራቅመው ፈሳሽ ስለሚበዛ፣ ድህነቱ ራሱ ወደ አንጎሉ የሚገባበት መንገድ ይኸው ነው።

በቡርጅ ኤል ባራጅነህ ይህ ሌላ ክብደት አለው። ከገሊላ የወጣው ትውልድ መሬቱን አጥቶ ይዞት የመጣው ቁልፍ፣ ወረቀትና ትዝታ ነው፤ በ1948 ሕፃን የነበረው እንኳ ዛሬ ሰባ አልፎታል። በ2002 የተጀመረው የነክባ (የ1948ቱ መፈናቀል) መዝገብ የተባለው ሥራ በሊባኖስ ካምፖች የሚኖሩ ወደ 500 የሚሆኑ የመጀመሪያ ትውልድ ስደተኞችን በፊልም የቀረጸው ሰዎቹ ሳያልቁ በሚል ጥድፊያ ነበር። የጉድጓዱ ስም፣ የወይራው ድንበር፣ የትኛው ቤት ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር በጽሑፍ ያልሰፈረው በነዚህ ሰዎች ዘንድ ነበር። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ የሽማግሌ መርሳት «እርጅና ነው» ተብሎ በቀላሉ ሲታለፍ የሚጠፋው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ሽማግሌውን ከአልጋ የሚያነሳ፣ መድኃኒቱን የሚቆጥር፣ ወደ እጥበት የሚያመላልስ ሰው በሊባኖስ ብዙ ጊዜ የእኛው እኅት ናት። መንግሥታችን በ2008 ወደዚያ ለሥራ መጓዝን ቢያግድም መንገዱ አልተዘጋም። ተታ (አያትየዋ) ትናንት የተናገሩትን ዛሬ እንደማያውቁት፣ አባወራው ከእጥበት ሲመለሱ ስሟን እንደሚሳሳቱና በማግሥቱ እንደሚያስተካክሉ ከልጆቻቸው ቀድማ የምታየው እርሷ ናት፤ ይህንን የሚጠይቃት ሐኪም ግን አልተለመደም። አልፍሬይ በ1972 የመዘገበው የመጀመሪያ ምልክት ከዚህ ብዙም አይለይም። ስለዚህ በቤይሩትም ሆነ በአዲስ አበባ የእጥበት ታማሚ ለምታስታምሙ የምለው አለኝ። ንግግሩ ከእጥበት በኋላ ከተሳሰረ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉት። ከዚያ ዕድሜው ነው ከመባሉ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በእጥበቱ ሰዓት የደም ግፊቱ እስከ ስንት ወረደ፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ውሃስ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው?